ዋይፋይ አልባው ላፕቶፕ፦ ደሴ ላይ ከርነል የቀየርንበት ጉዳይ

ላፕቶፑ የመጣው ከጅዳ ነው። እህቷ እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። ካጠራቀመችው ላይ ቀንሳ ገዛችው፤ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው አደራ ብላ ላከችው። ታናሿ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ግቢ፣ የመጨረሻ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ናት። እንዲህ ያለ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም።

ታኅሣሥ 2017 አጋማሽ ላይ፣ የጦሳ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት ሱቄ መጣች። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ሀረጎን ወጥታ ነው የመጣችው። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

"ጋሼ፣ ዋይፋይ የለውም" አለችኝ። "ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ሊኑክስ ላይ ግን ጭራሽ የለም።"

ጭራሽ ያለችው ልክ ነው። ሲግናሉ ደክሞ ወይም እየተቆራረጠ አይደለም። የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ የለም። ሴቲንጉ ውስጥ ስንገባ የዋይፋይ ካርድ አልተገኘም ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ስልኳን በገመድ እያገናኘች፣ በስልኳ ዳታ ነበር የምትሠራው። የተማሪ ኪስ ይህን እስከ መቼ ይችላል?

ይህን ጉዳይ ከነስህተቴ ነው የምጽፈው። እኔ ሦስት ቀን የፈጀሁበትን ነገር እናንተ በግማሽ ሰዓት ብትጨርሱት ደስ ይለኛል።

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው፤ ብዙ ዓይነትም አለው። የጫነችው ዲቢያን 12 የሚባለውን ነው፣ ከዊንዶውስ 11 ጎን። ተርሚናል ከፍቼ የተገጠሙትን ዕቃዎች ዝርዝር አወጣሁ። የዋይፋይ ካርዱ አለ። ስሙንም ጽፎታል፦ ሪልቴክ 8852ቢኢ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር በየትኛው ድራይቨር (ሲስተሙ ዕቃውን በሚያናግርበት ፕሮግራም) እንደሚሠራ የሚናገር መስመር አለ። ከዚህ ካርድ ሥር ግን ያ መስመር የለም። ማለትም ማሽኑ ካርዱን አይቶታል፤ የሚያናግርበት ቋንቋ ግን አጥቷል።

ከዚያ የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ፕሮግራም፣ ቁጥር አየሁ። 6.1 ነው። የከርነሉ ሞጁሎች (ሲያስፈልጉ የሚጫኑ ክፍሎቹ) የሚቀመጡበት ማኅደር ውስጥ ገባሁ። የዚህ ካርድ ወንድሞች ድራይቨር አለ። 8852ኤኢ አለ። 8852ሲኢም አለ። መሃል ላይ መኖር የነበረበት ቢ ብቻ የለም። ዝርዝሩን በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት። ልጅቷ ዝም ብላ አየችውና "የኔዋን ብቻ ዘለሏት?" አለች።

አልዘለሏትም፤ ትንሽ ዘግይታ ደረሰች እንጂ። ሊኑክስ ላይ ድራይቨር በአብዛኛው የሚመጣው ከከርነሉ ጋር ነው። ዊንዶውስ ላይ እንደለመድነው ከአምራቹ ድረ ገጽ ለብቻው አውርደን አንጭንም። የዚህ ካርድ ድራይቨር ወደ ዋናው ከርነል የገባው በ6.2 ነው። እሱ የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023 ነው። ዲቢያን 12 የተሠራው ደግሞ በ6.1 ላይ ነው፤ የዲሴምበር 2022 ከርነል ነው። ዲቢያን አንድ እትም ሲያወጣ የከርነሉን ቁጥር እዚያው ያጸናዋል። ከዚያ በኋላ የደኅንነትና የስህተት ማስተካከያ ይልክለታል እንጂ ወደሚቀጥለው ቁጥር አያሻግረውም። ዲቢያን የሚወደደውም ለዚህ ጽናቱ ነው። የልጅቷ ካርድ ግን በአንድ ቁጥር አመለጣት።

ስለዚህ ካርዱም ደህና ነው፣ ሲስተሙም አልተበላሸም። መለወጥ ያለበት ከርነሉ ነው። እዚህ ድረስ የፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው። "አብሽሪ፣ ይስተካከላል" አልኳት።

ስህተቱ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ሰዎች ለብቻው ያዘጋጁትን ድራይቨር አውርዶ በነበረው ከርነል ላይ መጫን ነው። ይሠራል፤ ግን ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና መሠራት አለበት፤ አንድ ቀን እምቢ ሲል ልጅቷ ኮምቦልቻ ላይ ብቻዋን ናት። ሁለተኛው ባክፖርትስ ነው። ዲቢያን ለጸናው እትሙ አዳዲስ ፓኬጆችን (ተጠቅልለው የሚጫኑ ፕሮግራሞችን) አዘጋጅቶ የሚያስቀምጥበት ማከማቻ ነው። ሦስተኛው በጊዜው ገና በሙከራ ላይ ያለውን የመጨረሻውን ከርነል ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ሠሪዎቹ ከጻፉት ኮድ ተነስቶ ራስ መሥራት ነው።

እኔ ሦስተኛውን መረጥኩ። ምክንያቴን በግልጽ ልናገር። አዲስ ካርድ ነውና አዲሱ ከርነል ይበልጥ ይስማማዋል ብዬ አሰብኩ። ከርነል ኮምፓይል ማድረግም እወዳለሁ። ሁለቱም ለራሴ ማሽን ይበቃሉ። ለሰው አደራ ግን አይበቁም።

የሙከራ ከርነል ሲባል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። የሊኑክስ ከርነል መሥራችና ዋና ኃላፊ ሊነስ ቶርቫልድስ አንድ እትም እንዳወጣ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚቀጥለውን እትም አዲስ ሥራ ይቀበላል። ከዚያ በሩን ይዘጋና አርሲ የሚባሉትን ለሙከራ ያወጣል፤ በየእሑዱ አንድ። ሰባት ወይም ስምንት አርሲ ካለፈ በኋላ እትሙ ይወጣል። ጠቅላላው ዘጠኝ ወይም አሥር ሳምንት ይፈጃል። አርሲ ማለት እንግዲህ "ሞክሩትና የተሰበረውን ንገሩን" ማለት ነው። ያን ሰሞን የነበረው 6.13 አርሲ 4 ነው።

ምንጭ ኮዱን አወረድኩ። የነበረውን ከርነል ኮንፊግ (ከርነሉ ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስነውን ፋይል) ኮፒ አደረግኩ። ዲቢያን ከርነሉን ለዓለም ማሽን ሁሉ ስለሚያዘጋጅ ኮንፊጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞጁሎችን ይዟል። ሁሉንም ኮምፓይል ማድረግ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ይወስዳል። ለማሳጠር አንድ የታወቀ ትእዛዝ አለ። አሁን በሥራ ላይ ያሉትን ሞጁሎች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ከኮንፊጉ ያወጣል። እሱን ተጠቀምኩ። የዲቢያን የፊርማ ሰርተፍኬት የሚጠራበትን መስመርም ባዶ አደረግኩት። ካልሆነ ኮምፓይሉ ፋይል የለም ብሎ ይቆማል።

ከሰዓት በኋላ ጀመርኩት። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ በባትሪ ቀጠለ፤ ኮምፓይል ግን ባትሪ ይበላል። ቁጥሩ ሲወርድ እያየሁ ቆየሁና አቋረጥኩት። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ይህ ባሕርዩ መልካም ነው፤ የተሠራውን እንደገና አይሠራም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አለቀ። ጫንኩት፣ ማሽኑን ዳግም አስነሳሁት።

እምቢ አለ። የፊርማ ስህተት ነው የሚለው።

ይህን መጠበቅ ነበረብኝ። ሴኪውር ቡት ክፍት ነው። ሴኪውር ቡት ባለበት ማሽኑ የሚያስነሳው በሚያውቀው ቁልፍ የተፈረመ ከርነል ብቻ ነው። የዲቢያን ከርነል የተፈረመ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ የሠራሁትን ግን ማን ይፈርምለታል? የራስን ቁልፍ አስመዝግቦ መፈረም ይቻላል። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ሴቲንግ) ገባሁና ሴኪውር ቡትን ዘጋሁት። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ለዚያች አንዲት ቁልፍ ምን ያህል እንደተጸጸትኩ በኋላ ታያላችሁ።

ከርነሉ ተነሣ። 6.13 አርሲ 4 ይላል። ዋይፋይ ግን አሁንም የለም።

ለአፍታ ግራ ገባኝ። ከዚያ ገባኝ። ያ የማሳጠሪያ ትእዛዝ የሚያስቀረው አሁን በሥራ ላይ ያለውን ሞጁል ነው። የዋይፋዩ ሞጁል ደግሞ በአሮጌው ከርነል ላይ ኖሮም አያውቅ። ስለዚህ ስፈልገው የነበረውን ዋናውን ነገር ራሴ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። ፍላሽ ስሰካም አላነበበም፤ ትእዛዙን ስሰጥ ፍላሽ ተሰክቶ ስላልነበረ የፍላሹም ሞጁል አብሮ ወጥቷል። ይህን ትእዛዝ የምትጠቀሙ ሰዎች ሆይ፣ መጀመሪያ የምትጠቀሙበትን ዕቃ ሁሉ ሰኩት። ገና ድራይቨር የሌለውን ደግሞ በእጃችሁ ግቡና ምረጡት።

በማግስቱ ኮንፊጉን ከፍቼ ድራይቨሮች፣ ኔትወርክ፣ ገመድ አልባ፣ ሪልቴክ እያልኩ ወረድኩ። 8852ቢኢን መረጥኩ። የፍላሹንም መለስኩ። እንደገና ኮምፓይል። ከቀትር በኋላ ዋይፋዩ በራ። የሱቁ ዋይፋይ ስም ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ወዲያው ለእህቷ በኢሞ ደወለች። በካሜራ ላፕቶፑን አሳየቻት። እህትየው የአሠሪዎቿ ኩሽና ውስጥ ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አላህ ያግራልህ ወንድሜ" አለችኝ። ገንዘብ ከመቀበል በላይ ነው የተሰማኝ።

ማታውኑ ስልኬ ጮኸ።

"ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ሆኖ ቁልፍ አስገቢ ይላል። 48 ቁጥር።"

ተቀምጬ ነበር፤ ብድግ አልኩ። ቢትሎከር ነው፤ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተገባ ዲስኩ በራሱ ይቆለፋል። መክፈቻው ማሽኑ ውስጥ ባለች ቺፕ ተቀምጧል። ቺፗ መክፈቻውን የምትሰጠው የማሽኑ አነሣስ እንደ በፊቱ ከሆነ ብቻ ነው። እኔ ሴኪውር ቡትን ስዘጋ አነሣሱ ተለወጠ። ለቺፗ ሌባ ነው የመሰልኳት። በጎን በኩል የዓመት ሥራዋ፣ የመመረቂያ ጽሑፏ ግማሽ፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ነው።

"ምንም አትንኪ" አልኳት። "ዲስኩን እንዳታጸጂው። ዊንዶውስ እንደገና ልጫን እንዳትይ። ጠዋት ይዘሽው ነይ።" ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

ጠዋት ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየው ከሐይቅ ነው የመጡት። ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም አሉ። "እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልጠይቅ አንድ ነገር ለወጥኩ" አልኳቸው። "ሰው ነህ ልጄ፣ አንተ ብቻ ተረጋጋና ሥራው" አሉኝ።

ባዮስ ገባሁ። ሴኪውር ቡትን መልሼ ከፈትኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። በቀጥታ ዊንዶውሱን አስነሳሁት። ክቡ ይሽከረከራል። ይሽከረከራል። የይለፍ ቃል መጠየቂያው መጣ። 48 ቁጥር አልጠየቀም። አነሣሱ እንደ በፊቱ ስለሆነ ቺፗ መክፈቻውን ሰጠች። እናትየው የሆነውን ባያውቁም ፊቴን አይተው "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር አደረግን። የመመረቂያ ጽሑፏን ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ለእህትየው ደወልን። አካውንቱ መጀመሪያ የተከፈተው ጅዳ ላይ፣ በእሷ ኢሜይል ነው። ስለዚህ ቁልፉ ያለው እሷ አካውንት ውስጥ ነው። ማታ ሥራ ስትጨርስ ገብታ አገኘችውና በኢሞ ፎቶ ላከች። ልጅቷ ወረቀት ላይ ጻፈችው። ወረቀቱ አሁን ሐይቅ፣ እናትየው ሣጥን ውስጥ ነው።

የሠራሁት ከርነል ግን አሁን አይነሳም፤ ሴኪውር ቡት ተመልሷልና። በዚያ ላይ ልጅቷ ያልነገረችኝ ሌላ ችግር ነበረ። ክዳኑን ዘግታ ስትከፍት ማሽኑ አይነቃም፤ ኃይል ቁልፉን ይዛ ማጥፋት ነበረባት። "አዲስ ስለሆነ ይመስለኛል ብዬ ዝም አልኩ" አለች። አሮጌው 6.1 ላይ ይህ ችግር የለም። የሙከራ ከርነል እንዲህ ነው፤ አንዱን ሲሰጥ ሌላውን ሊነሳ ይችላል። ስህተቱን ተከታትሎ ለሠሪዎቹ ለሚያሳውቅ ሰው ይህ ሥራው ነው። ነገ አሳይንመንት ለምታስረክብ ተማሪ ግን ሸክም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መሄድ ወደነበረብኝ መንገድ ተመለስኩ። በ6.1 አስነሳሁት። የፓኬጅ ምንጮች ዝርዝር ላይ የባክፖርትስን መስመር ጨመርኩ። ባክፖርትስ መስመሩ ስለተጨመረ ብቻ ምንም ነገር አይለውጥም። ከዚያ አምጣልኝ ብለህ በግልጽ ስታዝ ብቻ ነው የሚሰጥህ። ሁለት ፓኬጅ አዘዝኩ፦ ከርነሉንና የሪልቴክ ፈርምዌሩን። ፈርምዌሩን አትርሱ። ድራይቨሩ ከርነል ውስጥ ቢኖርም ካርዱ ራሱ የሚሠራበትን ፋይል ካላገኘ አይነሣም። ከርነሉንም ስታዝዙ ቁጥር ባለው ስም ሳይሆን በጠቅላላው ስም እዘዙት። ያኔ የሚቀጥለው እድሳት በራሱ ይመጣል።

በስልኳ ዳታ ነው ያወረድነው። ከርነሉ ብቻ ወደ 100 ሜጋባይት ነው። የመጣው 6.11 ነው፣ በዲቢያን የተፈረመ። ዳግም አስነሳሁት። ሴኪውር ቡት ምንም አላለም። ዋይፋዩ በራ። ክዳኑን ዘጋሁ፣ እስከ ሃያ ቆጠርኩ፣ ከፈትኩ። ነቃ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። ወደ ዊንዶውስ ገባሁ፣ ቁልፍ አልጠየቀም። ይህ ሁሉ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይወርድ ያለቀ ሥራ ነው። ሁለት ቀን ኮምፓይል ሳደርግ የነበረው ለዚህ ነበር።

የራሴን ከርነል አስወገድኩት። 6.1ን ግን አልነካሁትም። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አዲስ ከርነል ሲመጣ ሲስተሙ አሮጌውን "የማያስፈልግ" ብሎ ይመዘግብና አንድ ቀን በጽዳት ትእዛዝ አብሮ ይጠርገዋል። ስለዚህ 6.1ን በእጅ የተጫነ ነው ብዬ ምልክት አደረግኩበት፤ እንዲህ ከሆነ አይጠረግም። ከዚያ ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ ማሽኑን አጥፍታ እንድታስነሳ ነገርኳት። ማሽኑ በየትኛው ሲስተም እንዲነሳ የሚያስመርጠው የግሩብ ዝርዝር የሚቆየው አምስት ሰከንድ ነው። መጀመሪያ አመለጣት። በሁለተኛው "አድቫንስድ" የሚለው ውስጥ ገባች። 6.11 እና 6.1 ተደርድረው አየቻቸው። 6.1ን መረጠች፣ ተነሣ። እንደገና አጠፋች፣ በ6.11 ተነሣች። ሦስት ጊዜ አስደጋገምኳት። አዲሱ አንድ ቀን ቢያስቸግራት ሀረጎን መውጣት የለባትም።

ሒሳብ ስትጠይቀኝ የባክፖርትሱን ብቻ ነው የተቀበልኩት። የሁለቱን ቀን የኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለውጬአለሁ። ማንም ሁለት ሲስተም ያለው ላፕቶፕ ሲያመጣ ባዮስ ከመግባቴ በፊት "የዊንዶውሱ ቁልፍ የት ነው? አካውንቱ የማን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ አያውቁም። ማሽኑ ከዓረብ አገር በዘመድ የመጣ ከሆነ አካውንቱ የዘመዱ ነው። ያኔ ቁጭ ብለን እንደውላለን፤ ቁልፉ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ሥራ አልጀምርም። የከርነሉንና የፈርምዌሩን ፓኬጅም ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ዳታ የሌለው ተማሪ ሲመጣ ከዚያው እጭንለታለሁ።

ይኸው ካርድ ያለባቸው ሁለት ላፕቶፖች ከኮምቦልቻ መጡ፤ ሁለቱም በዚሁ መንገድ ተስተካከሉ። ሦስተኛው ካርዱ ሌላ ሆነ። በያዝኩት ከርነል ውስጥ ድራይቨሩን ፈለግኩ፣ የለም። የሙከራውን ልሞክር የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ተውኩት። ልጁ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዋይፋይ ገዝቶ በሰላም እየሠራ ነው።

ልጅቷ ክረምት ላይ ተመረቀች። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዲቢያን 13 ወጣ። የሚሠራው በ6.12 ነው፤ ስለዚህ ለእሷ ካርድ ባክፖርትስ አያስፈልገውም። ይህን ልነግራት አስቤ ሳልደውል ሰነበትኩ። አንድ ቀን በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ሐይቅ እናቷ ቤት ናት። ስክሪኑ ላይ 6.12 የሚል መስመር አለ፤ ጥግ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው። ከሥሩ "ጋሼ፣ ብቻዬን ነው የጫንኩት። መጀመሪያ ፋይሎቼን ገለበጥኩ። ሴኪውር ቡቱን አልነካሁትም" ብላ ጽፋለች።